ጓንትህን ስጠኝ

ጋሽ ከድር ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባናው ውስጥ ቆሜ ነው። ልጃቸው ሃያት በስዊድንኛ አጭር መልእክት ልካልኛለች። "አባቴ ዛሬ አረፈ። አልተሰቃየም። እኔ ደህና ነኝ" ይላል። የመጀመሪያው አንጀቴን ቆረጠው። ቀጥሎ ያለውን ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት። የመጨረሻውን ግን አላመንኩም። "ደህና ነኝ" የሚለውን ቃል እንዳላምን ያስተማሩኝ እኮ የሞቱት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው።

ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ጋሽ ከድርን የሚያውቃቸው በኢንጂነርነታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከደሴ ለትምህርት መጥተው፣ መካኒካል ምህንድስና ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ውኃ ቧንቧ ሲጨነቁ የኖሩ፣ ረጋ ያሉ ሱፍ ለባሽ ሰው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እሑድ እሑድ ግን እኚሁ ሰውዬ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸው፣ ከከተማው በስተደቡብ ጫካ ዳር ባለች ትንሽ ሜዳ የሞተር ሳይክል ውድድር ይመሩ ነበር። ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። አንዳንዱ ሥራ መፍታት ያመጣው ነው ይል ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን የጀመሩት ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ከጫካው በኩል የሚያጓራ ድምፅ ሰሙ። የእንጨት መሰንጠቂያ መስሏቸው ሊያዩ ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።

ስፖርቱ ስፒድዌይ ይባላል። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገረው። አራት ሞተረኞች ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ ተሰልፈው ይነሣሉ፤ አራት ጊዜ ይዞራሉ፤ የሚታጠፉት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፤ ሞተሩ ፍሬን የለውም። ፍሬን የለውም ሲሉኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። አንዱ ሩጫ ቢበዛ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሌሎች አራት ይገባሉ፤ እንዲህ እየተባለ ከሰዓቱ ያልቃል። በመሀል ከአጥር ጋር የሚላተም፣ የሚገለባበጥ፣ ትከሻውን የሚሰብር አይጠፋም። እኔ የምፈለገው እዚያ ላይ ነው።

ያገናኘን ፋርስታ የተደረገ ሠርግ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና ዞሩብኝ።

"የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሽ ከድር።"

"እሑድ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እተኛለሁ።"

"ከተኛሽ በኋላስ?"

"እንደገና እተኛለሁ።"

"እንግዲያው ሥራ የለሽም ማለት ነው" አሉና ስልኬን ተቀብለው አድራሻውን ራሳቸው ጻፉልኝ።

ሄድኩ። እምቢ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። ስደርስ ሜዳውን ብቻቸውን እየዞሩ በጫማቸው ተረከዝ አፈሩን ይጫኑታል። ሲያሰኛቸው ጎንበስ ብለው ጭብጥ ያደርጉና በጣታቸው ፈትገው "እዚህ ጋ ውኃ!" ይላሉ። አፈሩ ከደረቀ አቧራው ሞተረኛውን ያሳውረዋል፤ ከረጠበ ደግሞ ጎማው ይይዝና ይወረውረዋል። የጠዋቱን ሥራ ጨርሰው ሱፍ እንደለበሰ ሰው እጃቸውን አራገፉና "ግማሹ ሕክምና ይኼ ነው፣ ሲስተር" አሉኝ።

ያን ቀን ሁለተኛው ሩጫ ላይ አንድ ልጅ ወደቀ። እየሮጥኩ ሄድኩና ደህና ነህ ወይ አልኩት። ደህና ነኝ ብሎኝ ብድግ አለ። ጋሽ ከድር ቀስ ብለው እየተራመዱ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ኃላፊ ከሮጠ ሕዝብ ይሸበራል ባይ ናቸው። የልጁን ሄልሜት ተቀብለው ከጀርባቸው ደበቁትና "ቀለሙ ምንድን ነው?" አሉት። ሄልሜቱ ላይ የሚለብሱት ጨርቅ በየሩጫው ይቀያየራል፤ ባለሜዳዎቹ ቀይ ወይም ሰማያዊ፣ እንግዶቹ ነጭ ወይም ቢጫ ያደርጋሉ። ስለዚህ አሁን የለበሰውን የሚያውቀው አሁን እዚህ ያለ ሰው ብቻ ነው። ልጁ "ቢጫ" አለ፤ ልክ ነበር፤ ለቀቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ብለሽ ጠየቅሽው?"

"ደህና ነህ ወይ ብዬ።"

"ምን አለሽ?"

"ደህና ነኝ አለኝ።"

"አየሽ፣ ሰላምታ ነው የተለዋወጣችሁት። ስለ ጭንቅላቱ ገና አልተነጋገራችሁም።"

ተናድጄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ስጠይቅ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ስንቱ ደህና ነኝ እያለኝ ራሱን እንደሳተ ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ።

ምክንያታቸውን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዝናብ ውድድር አስቁሞ ከዳኛው ማማ ሥር ተጠልለን ስንጠብቅ ነው። እናታቸው ደሴ ነበሩ። ጋሽ ከድር በየሳምንቱ ይደውሉላቸዋል። "እማ፣ ደህና ነሽ?" ሲሉ መልሱ አንድ ነው፤ "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።" ፎቶ ሲልኩላቸው "አምሮብሃል፣ ደግሞ ወፍረሃል" ይሏቸዋል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ስልኩን ተቀበለችና ሳታስበው አወጣችው፤ እናታቸው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጄ በሰው አገር እንዳይጨነቅ ብለው ሰፈሩን በሙሉ አስምለውት ነበር።

"ፎቶውን እጇ ላይ ይዛ፣ እየዳበሰች ነው አምሮብሃል የምትለኝ" አሉኝ። ዝናቡን እያዩ ነበር የሚያወሩት። "እኛ አገር ሰው እየሞተም ደህና ነኝ ይላል። ሞተረኛም እንደኛው ነው። ደህና ነህ ካልሽው የምታገኚው መልሱን አይደለም፣ ጨዋነቱን ነው።"

ለቀለሙ ጥያቄ የተሳሳተ፣ ወይም ለመመለስ የዘገየ ሞተረኛ ሲያጋጥማቸው ክርክር የለም። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። "ጓንትህን ስጠኝ።" ጓንቱን አጣጥፈው ብርቱካናማው ጃኬት ኪስ ውስጥ ይከቱታል። ያለ ጓንት ሞተር ላይ አይወጣም፤ የሚያውሰውም የለም፤ ሜዳው በሙሉ ነገሩን ያውቀዋላ። ልጆቹ "መቼ ትመልስልኛለህ?" ይሏቸዋል። ስዊድኖች አንቱታ ስለሌላቸው ሁሉም አንተ ነው የሚላቸው፤ እኔን ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር። መልሳቸው አይለወጥም፤ "ሐኪም ያይሃል። ትተኛለህ፣ ትበላለህ። ከዚያ ደውለህ ትቆጣኛለህ። ነገር ሳይምታታብህ ከልብህ ስትቆጣኝ እመልስልሃለሁ።"

ውድድር የሚመሩትም በዚሁ ዓይነት ነው። ያለን አምቡላንስ አንድ ነው፤ የተጎዳ ይዞ ከወጣ እስኪመለስ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሕዝቡ ብርዱ ውስጥ ተቀምጦ ማፏጨት ሲጀምር ማይክሮፎኑን ያነሣሉ። ከነደሴ ቅላጼው ባለው ስዊድንኛቸው "ወዳጆቼ፣ አሁን እናንተ ብትወድቁ የማሳፍርበት የለኝም። ፊካ አድርጉ" ይላሉ፤ ሕዝቡም ስቆ ወደ ቡናው ይሄዳል። የከሰዓቱን የዐስር ሶላታቸውን የሚሰግዱት ትራክተሩ ሜዳውን በሚያስተካክልበት እረፍት ነበር፤ ከአምቡላንሱ ጀርባ ምንጣፋቸውን ዘርግተው። የትራክተሩ ሹፌር እሳቸው ሳይነሡ ከሜዳው አይወጣም። ማንም አላዘዘውም።

የማልረሳው ግን የቪክቶር ቀን ነው። የመከር ወቅት መጨረሻ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር። ካሸነፍን ባለንበት እንቆያለን፤ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ምድብ እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ የሚደግፉን ድርጅቶች እንደማይቀጥሉ ሁሉም ያውቃል። የመጨረሻው ሩጫ ብቻ ሲቀር ነጥባችን እኩል ነበር። በዚያ የመጨረሻ ሩጫ ላይ ተስፋችን ሁሉ ቪክቶር ነው፤ የክለቡ አንደኛ ሞተረኛ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው ልጅ። ቪክቶር ከዚያ በፊት ባለው ሩጫ ላይ ወደቀ።

ወዲያው ተነሣና ለሕዝቡ እጁን አውለበለበ። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ዓይኑን አየሁ፣ አንገቱን ዳሰስኩ፣ ቀኑን ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ። ለጋሽ ከድር ምንም ምልክት አላየሁበትም አልኳቸው። እሳቸው ሄልሜቱን ከጀርባቸው አድርገው ጠየቁት።

"ሰማያዊ" አለ ቪክቶር።

ቀይ ነበር።

የክለቡ ሊቀ መንበር ቤንግት ከኋላችን ነበር። "ከዚህ በፊት የገባው በሰማያዊ ነው! ማንም ይሳሳታል፣ ከድር፣ እኔም እሳሳታለሁ" አለ። እውነቱን ነው፤ ቀደም ሲል በሰማያዊ ገብቶ ነበር። ጋሽ ከድር መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ጓንትህን ስጠኝ።"

ቪክቶር አንድ ጸያፍ ቃል ተናገረና ጓንቱን እግራቸው ሥር ወረወረው። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ጭቃውን አራገፉና ኪሳቸው ከተቱት።  ቪክቶርን ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ አምቡላንሱ እስኪመለስ ጠበቅን። በእሱ ፋንታ ተጠባባቂው ገባና መጨረሻ ወጣ። ወረድን። ከተመልካቹ መሀል አንዱ ወደ አገርህ ሂድ ብሎ ጮኸ። እሳቸው እንደ ሁልጊዜው ማይክሮፎኑን ይዘው እንግዶቹን አመሰገኑ፤ "ወደ ቤታችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ" ብለው ጨረሱ።

ልብሳችንን ሳንቀይር ስልክ መጣ። ቪክቶር ተመርምሮ ራሱ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ቤንግት ፊቱ ቀልቶ መጣ። "ምንም የለበትም! ክለቡን በከንቱ ነው የገደልከው።"

"ምንም የለበትም?" አሉ ጋሽ ከድር። "አልሃምዱሊላህ። ታዲያ ምነው መርዶ የሰማህ ትመስላለህ?"

ወደ ቱነልባናው አብረን ስንሄድ አይቆጭዎትም ወይ አልኳቸው። ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። "ልጁ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ከድር ልክ ነበር ትሉ ነበር" አሉኝ። "ልክ ነህ ለመባል ሰው እስኪሞት ልጠብቅ እንዴ?"

ክረምቱን ሙሉ ክለቡ ውስጥ የሚወራው እሳቸውን ስለማንሣት ነበር። ይህ ሥራ ለእሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሳምንቱን የሚቆጥሩት በእሑድ ነው። ዓመታዊው ስብሰባ ሜዳው ዳር ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ተደረገ፤ እኔም ሄድኩ። ቤንግት በትሕትና፣ አመስግኖ አመስግኖ፣ አዲስ ኃላፊ ይመረጥ አለ። ጋሽ ከድር ሱፋቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ተራቸው ሲደርስ ተነሡና "ልታነሡኝ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። እኔ ካለሁ ግን ጓንት እቀበላለሁ" ብለው ተቀመጡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ተጨማሪ ነገር እንዲናገሩ በዓይኔ ብለምናቸው አላዩኝም።

ያን ጊዜ ከኋላ ቪክቶር ተነሣ። ሳቁ የለም።

"መውደቄን አላስታውስም" አለ። "ጓንቴን መወርወሬንም አላስታውስም፤ ሰው ነው የነገረኝ። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ራሴን ያገኘሁት። ምርመራው ምንም አላሳየም፤ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እያልኩ ከረምኩ። ያን ቀን ሞተር ላይ ብታስቀምጡኝ እነዳ ነበር። እጄ ሥራውን ያውቃል። ሞተሩ ላይ ግን ሰው አልነበረም።"

 ከዚያ ይቆዩ የሚል እጅ መውጣት ጀመረ፤ የቤንግትም በመጨረሻ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ፣ ወጣ። ጋሽ ከድር በቦታቸው ቆዩ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ ውጭ ልወጣ ስል ቪክቶር "ታዲያ ጓንቴስ?" ሲል ሰማሁ።

"አልተቆጣኸኝማ" አሉት።

"ሰድቤህ የለ እንዴ!"

"አላስታውስም ብለሃል። አይቆጠርም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓንቱን ግን ከሱፋቸው ኪስ አወጡለት። ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ ነበር። ክለቡ ታችኛው ምድብ ውስጥ ሆኖም አልሞተም፤ የሚመጣው ሰው ቢያንስም ይመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ከድር ታመሙ። ሐበሻው በሙሉ ይደውልላቸዋል፤ "ጋሽ ከድር፣ ደህና ነዎት?" "አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።" ይህን ወሬ ከሦስት ሰው ከሰማሁ በኋላ ቦርሳዬን አንሥቼ ሃግሴትራ ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንዴት ነዎት አላልኳቸውም።

"ጋሽ ከድር፣ የሄልሜትዎ ቀለም ምንድን ነው?"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ሲያባራላቸው "ነጭ" አሉኝ። "ሜዳው አሁን የኔ አይደለም ሲስተር። እንግዳ ነኝ።" ከዚያ እውነቱን አወሩኝ፤ የት እንደሚያማቸው፣ ሐኪሞቹ ምን እንዳሏቸው፣ መፍራታቸውን ጭምር።

"ለሃያት ነግረዋታል?"

 ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ።

"ጋሽ ከድር።"

"ደህና ነኝ ብያታለሁ" አሉ፣ እንደተያዘ ልጅ። "ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት።"

እኔ ስለ ዓይነ ስውሯ እናታቸው አላነሣሁም፤ ማንሣትም አላስፈለገኝም። መዳፌን ዘረጋሁ። "ስልክዎን ይስጡኝ።" መዳፌን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልኩን አስቀመጡበት። ደወልኩና መለስኩላቸው። ሃያት አማርኛ እየሰማች በስዊድንኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አባቷ ራሳቸው በስዊድንኛ፣ አንድም ነገር ሳይደብቁ ነገሯት። ወጥ ቤት ገብቼ ቆየሁ። ስመለስ ዓይናቸው ርሶ ነበር፤ ፊታቸው ግን ቀለል ብሏል።

"ይቺ ልጅ አያቷን ናት የወጣችው" አሉኝ ስወጣ። "እኔ ስሄድ ለሁላችሁም ደህና ነኝ ትላለች። እንዳታምኛት።"

ለቅሶው፣ ተዕዚያው፣ ብሬዴንግ ሰፈር ባለው ሃያት ቤት ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የገባው ሁሉ እያቀፈ "አይዞሽ፣ በርቺ፣ ደህና ነሽ?" ይላታል። እሷም በምታውቃት ጥቂት አማርኛ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ "ደህና ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ" ትላለች። ቪክቶር በጥቁር ኮት ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ሰው ሁሉ እንዴት ጠንካራ ልጅ ናት ይላል። ከሰዓት በኋላ ኮቷን ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት።

"ወዴት ነው?"

"አጎቴ ከደሴ መጥቷል፣ ከአርላንዳ አየር ማረፊያ ላመጣው ነው" አለችኝ በስዊድንኛ። "አትጨነቂ፣ ደህና ነኝ።"

"መኪናሽን የት ነው ያቆምሽው?"

"እ...እታች" አለች። ወደ መስኮቱ ዞራ ታች ያለውን የመኪና ማቆሚያ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። "ከሆስፒታል ስመለስ... በሱ ነው የመጣሁት መሰለኝ። ወይስ..."  ቁልፉን እጇ ውስጥ ገለባበጠችው።

መዳፌን ዘረጋሁ።

"ቁልፉን ስጪኝ።"

እጄን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ይህን እጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና፣ ከቀብሩ ጀምሮ ይዛው የነበረውን ልቅሶ ትከሻዬ ላይ ለቀቀችው። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠርጋ "መቼ ትመልሽልኛለሽ?" አለችኝ።

"ትተኛለሽ፣ ትበያለሽ። ከዚያ ደውለሽ ትቆጪኛለሽ።"

መኪናውን ከቪክቶር ጋር ሆነን ሆስፒታሉ አጠገብ አገኘነው፤ ከአባቷ ጋር ካደረችበት ሌሊት ጀምሮ እዚያው ነበር። አጎቷን አርላንዳ ሄደን አመጣናቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሃያት ናት። መኪናዋን ማን ደጅ ላይ እንዳቆምኩት፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት በምን ልታመጣ እንደሆነ፣ የሰው ቁልፍ ይዞ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድም ነገር ሳይምታታባት፣ ከልቧ ተቆጣችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ ቁልፏን ይዤላት ሄድኩ።